የጎብኚ ጀልባ ስንት ሰው ይጫን? ሐይቅ ላይ ደኅንነትና ገቢ የሚጋጩበት ቦታ

[ምስል፦ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮችና ጣሪያ ያላት የጎብኚ ጀልባ፣ ከጎን]

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2005 በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ጆርጅ ላይ፣ ኢታን አለን የተባለች የጎብኚ ጀልባ 47 መንገደኞች እንደጫነች ተገልብጣ 20 ሰው ሞተ። ቀኑ ብራ ነበር። የመንገደኛው ቁጥርም ፈቃዷ ላይ ከሰፈረው 48 አልበለጠም። ታዲያ ምን ሆነች?

ፈቃዱ የተሰጠው አንድን ሰው 63 ኪሎ ተኩል አድርጎ በመቁጠር ነበር። የዕለቱ ተሳፋሪዎች ግን በአማካይ 81 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። በዚያ ላይ የሸራ ጣሪያዋ በእንጨት ሲቀየር ሳትገለበጥ የመቆም ሚዛኗ እንደገና አልተለካም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ጉዳዩን መርምሮ፣ ሊፈቀድላት ይገባ የነበረው 14 መንገደኛ ብቻ እንደሆነ አስታወቀ።

ከባድ ነገር ከፍ ባለ ቁጥር የጀልባዋ የስበት ማዕከልም (ክብደቷ ሁሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ) አብሮ ከፍ ይላል። ያኔ ሌላ ጀልባ ጥሎት የሚያልፈው ሞገድ ከጎን ሲመታት የበለጠ ታዘነብላለች። ስታዘነብል ደግሞ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ሰው ተንሸራቶ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይከማቻል፣ ክብደቱም ይበልጥ ይገለብጣታል። ይሄ ሁሉ የሚያልቀው በሰከንዶች ነው። ስለዚህ ጣሪያ የቀየረ፣ ሁለተኛ ፎቅ የጨመረ ወይም ከባድ ሞተር የገጠመ ባለቤት ጀልባውን ሳያስለካ የድሮውን ቁጥር ይዞ መቀጠል የለበትም።

[ምስል፦ የጭነት ስሌት በሰሌዳ ላይ]

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ጠቅላላ 1000 ኪሎ እንድትጭን የተፈቀደላት ትንሽ ጀልባ አለች እንበል። ሞተሩ 100 ኪሎ ነው። ቤንዚን በሊትር ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 60 ሊትሩ 45 ኪሎ ይሆናል። መልህቅ፣ ባትሪ፣ መቅዘፊያና ጃኬት 55 ኪሎ ይያዝላቸው። ለሰው የሚቀረው 800 ኪሎ ነው። በድሮው 63 ኪሎ ተኩል ብናሰላ ነጂውን ጨምሮ 12 ሰው ይወጣዋል። የአሜሪካ የጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ላይ ባዋለው 84 ኪሎ ካሰላን ግን 9 ብቻ ነው። ነጂው ሲቀነስ 11 የነበረው መንገደኛ 8 ሆነ ማለት ነው። በሞላ ጉዞ ያንኑ ገቢ ለማግኘት የቲኬት ዋጋ 38 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል።

ባለጀልባዎች በዚህ ቢከፉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ኪሳራው የሚቆጠረው ጀልባዋ በምትሞላበት ቀን ብቻ ነው፤ አምስት ሰው ይዛ በምትወጣበት ቀን ምንም አይጎድልባቸውም። እውነተኛው ጉዳት የሚመጣው አንዱ ቁጥሩን ሲቀንስ ጎረቤቱ ካልቀነሰ ነው፤ ደንበኛው ርካሹ ጋ ይሄዳላ። ስለዚህ ለውጡ ሐይቁ ላይ ላሉት ሁሉ በአንድ ቀን መጀመር አለበት። ቁጥሩ ከሩቅ እንዲነበብ ጀልባዋ ጎን ላይ ይጻፍ፤ መነሻው ላይ የሚቆጥረውም ሰው ደመወዙ ከጀልባዋ ባለቤት የማይመጣ ይሁን።

ከቁጥሩ የባሰው ፈተና የአየሩ ጠባይ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2018 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ቴብል ሮክ ሐይቅ ላይ፣ በየብስም በውሃም የምትሄድ የጎብኚ ተሽከርካሪ 31 ሰው ይዛ ሰጥማ 17 ሞቱ። የከባድ ነጎድጓድ ማስጠንቀቂያ የወጣው ውሃ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ነበር። ጉዞው ግን አልተሰረዘም፤ የውሃው ክፍል ወደ መጀመሪያ እንዲመጣ ብቻ ተደረገ።

እንዲህ ያለው ውሳኔ ካልወጣ ገቢ ለሌለው ሰው መተው የለበትም። ነጂው የሚከፈለው በጉዞ ብዛት ሳይሆን በቀን ይሁን። ገደቡም ቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ። ለትናንሽ ክፍት ጀልባዎች ጥሩው ምልክት ራሱ ውሃው ላይ ይታያል፦ የሞገዱ ጫፍ በብዛት ነጭ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ነፋሱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ተኩል አልፏል፤ ያኔ አዲስ ጉዞ አይነሳም። ነጎድጓድ ከተሰማ ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። ቲኬቱ ላይም «ጉዞው ከተሰረዘ ሌላ ቀን ወይም ገንዘብዎ» የሚል ይስፈር። ብዙ ሐይቆች ላይ ነፋስ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ረጅሙን ጉዞ ጠዋት መሸጥ ስረዛውን በራሱ ይቀንሳል።

[ምስል፦ ጃኬት የለበሰ ሰው፣ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲጎትተው]

የሕይወት አድን ጃኬት ወንበር ሥር ታስሮ ከተቀመጠ አለ አይባልም። ጀልባ ሲገለበጥ ለመልበስ ጊዜ ስለሌለ ሰው የሚለብሰው መሬት ላይ ሳለ ነው። 50 ኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይል መለኪያ ነው) የሚለው ጃኬት ዋና ለሚችል ሰው የሚሆን መደገፊያ ነው፤ ለጎብኚ ቢያንስ 100 ኒውተን ያስፈልጋል። ጎኑ በሸራ ወይም በፕላስቲክ መጋረጃ የተዘጋ ጀልባ ላይ ግን ጃኬቱ ራሱ ሰውን አንሳፎ ጣሪያው ሥር ያስቀረዋል፤ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት መጋረጃው ይጠቅለል። ጃኬት እንደ ትራስ አይቀመጡበትም፤ ስፖንጁ ሲጨፈለቅ የማንሳፈፍ አቅሙን ያጣል።

ልኩን ለመፈተን ማሰሪያውን አጥብቃችሁ ትከሻው ላይ ወደ ላይ ሳቡት። ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በልጁ ክብደት ነው፤ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያም ሊኖረው ይገባል። በልኩ ከሌለ ልጁ አይሳፈርም፣ ለቤተሰቡም የከፈሉት ሙሉ ገንዘብ ይመለስላቸዋል።