ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ እንየው

የተከበራችሁ የሐዋሳ ነዋሪዎች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ዛሬ አንድ ልመና ይዤ ነው የመጣሁት። ሐይቃችን ዳር አንድ ቦታ ምረጡ። አሞራ ገደል ይሁን፣ ፍቅር ሐይቅ፣ ወይ ወደ ጥቁር ውሃ በኩል፣ የእናንተ ምርጫ ነው። ከዚያ ወፎቹን ለማየት እዚያው ቦታ ዓመቱን ሙሉ ተመላለሱ፤ ያያችሁትንም በደብተር ጻፉ።

ወፍ ማየት ሲባል ብዙዎቻችን ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ነው ትዝ የሚለን። ቱሪስቱ ግን አንድ ማለዳ አይቶ ይሄዳል። ጥር ላይ ያያትን ወፍ ሰኔ ላይ የት እንዳለች አይጠይቅም። ያን መጠየቅ የሚችለው እዚሁ የሚኖር ሰው ነው።

ከመስከረም ልጀምር። ፊላው ላይ ቀይና ጥቁር የለበሱ፣ ቢጫና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወፎች ታያላችሁ። ብዙ ሰው የመስቀል ወፍ ይላቸዋል። በዓመት አንዴ መጥተው የሚጠፉ ይመስለናል። የትም አይሄዱም! ወንዱ ያን የደመቀ ላባ የሚያወጣው ለመራቢያ ጊዜው ነው። ዝናቡ አልፎ ጫጩቶቹ ሲያድጉ ላባውን ይቀይራል፤ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ከድንቢጥ ለመለየት ይቸግራል። ላባ በሚቀይርበት ሰሞን የተመለሰ ሰው ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቡናማ የሆነ ወፍ ያገኛል። ለእኔ ከደመቀው ይልቅ ይሄኛው ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ደጋግሞ ለመጣ ሰው ብቻ ነው የሚታየው።

በዚያው ሰሞን እንግዶቹ ይገባሉ። በአውሮፓና በሰሜን እስያ ብርድ ሲመጣ ነፍሳቱ ይጠፋሉ፤ ውሃው በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ወፎቹ ወደ ደቡብ ይነሣሉ። አገራችን ከዋና ዋና መንገዶቻቸው በአንዱ ላይ ናት። ሽመላና ንስርን የመሰሉ ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ዘርግተው የሚንሳፈፉት ከመሬት በሚነሣው ሞቃት አየር ነው። ሰፊ ባሕር ላይ ያ አየር የለም። ስለዚህ ባሕሩ የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ፤ ከዚያም ብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆውን ይዘው ይወርዳሉ። ትንንሾቹ ግን ክንፋቸውን እያራገቡ ነው የሚመጡት። ደረታቸው ቢጫ የሆነ፣ ጅራታቸውን ሳያቋርጡ የሚወዘውዙ ወፎች ከከብቶች እግር ሥር ነፍሳት ሲለቅሙ ካያችሁ፣ እነሱ ገና መግባታቸው ነው።

በጋው እየገፋ ሲሄድ ውሃው ከዳር ይሸሻል፤ ጭቃው ይወጣል። ያ ጭቃ ለእኛ ጫማ የሚያበላሽ ነገር ነው። ለወፎቹ ግን ገበታ ነው። ትልና ነፍሳት የሞላበት ነውና። እዚያ ላይ ሊትል ስቲንት የምትባል ትንሽዬ ወፍ ስትሯሯጥ ታያላችሁ። ክብደቷ ከ20 እስከ 40 ግራም ነው። የተፈለፈለችው በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ፣ ዛፍ በማይበቅልበት ሜዳ ላይ ነው። እባካችሁ ይህን አስቡት! ያቺን የምታክል ነገር ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ እኛ ሰፈር ጭቃ ትጭራለች። ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩባት ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ የውሃ ወፎች ቆጠራም በጥር ነው የሚካሄደው፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። በዚያን ጊዜ እንግዶቹ ከጉዞ አርፈው አንድ ቦታ ስለሚረጉ ለመቁጠር ይመቻል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይሄዳሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማየቱን ያቆማል። እኔ በዚህ አልስማማም። እንግዳው ሲሄድ ዓይን ወደ ቤተኛው ይመለሳል። አባ ኮዳ አለ፣ ዓሣ ገበያው ዳር ቆሞ የዓሣ ሆድቃ የሚጠብቀው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው፤ እርጥበቱ ሲደርቅ ያቀዘቅዘዋል። የዓሣ ንስሩም አለ፣ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ።

ከሁሉም ግን ጃካናን ፈልጉልኝ። ቡናማ ናት፣ ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም። በእነዚያ ጣቶች ውሃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ትራመዳለች፤ አትሰጥምም። እንቁላሉን ታቅፎ ጫጩቶቹን የሚያሳድገው አባትየው ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይሮጣል። ትንንሽ እግሮች ከክንፉ ሥር ተንጠልጥለው ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጻፋል? ጨለለቃን ተመልከቱ። ድሮ ራሱን የቻለ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ነው። አብያታንም ተመልከቱ። የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚራቡት ፔሊካኖች ቀለባቸውን የሚያመጡት ከአጠገቡ ካለው ከአብያታ ነበር። የአብያታ ውሃ ሲሸሽና ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ። ወፎቹ ሌላ ሐይቅ ድረስ ለመብረር ተገደዱ። ሐይቅ በአንድ ሌሊት አይጎድልም። ቀስ እያለ ነው፤ እኛም ቀስ እያልን እንለምደዋለን። በፊት ምን እንደነበር በደብተሩ የጻፈ ሰው ግን አይለምደውም። ማስረጃ አለው።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ውሃው እስከ የት እንደደረሰ ጻፉ። ያያችሁትን ወፍ ስሙን ካላወቃችሁ መልኩን ጻፉ። ያላያችሁትንም ጻፉ፤ "ዛሬ ዳክዬ የለም" የሚለው መስመር ከዓመታት በኋላ ትልቅ ዋጋ አለው። ጎጆ ካያችሁ አትጠጉ፤ እናት ከተነሣች እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል።

በማለዳ መምጣት ይሻላል። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችን ትሆናለች፤ የወፎቹ ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ዓይናችን ውስጥ ትገባለች፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ይመስላል።

የመጀመሪያውን ዙር የፊታችን ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አሞራ ገደል እንጀምራለን። ደብተርና እርሳስ ያዙ። ባይኖኩላር የሌለው እንዳይቀር፤ እየተቀባበልን እናያለን። ልጆቻችሁንም አምጡ።

አመሰግናለሁ።