ጠጁ ሳይደርስ በሩን አትክፈቱ

የተከበራችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤ በየወረዳችሁ ጠጅ ቤት ለመክፈት ተነስታችሁ እዚህ የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ምግቡም ማሲንቆውም ይነሳሉ፤ ከሁሉ የምናስቀድመው ግን ጠጁን ነው። ወጥ ቢያር በዚያው ምሽት ሌላ ይሠራል። ጋኑ የኮመጠጠበት ቤት ግን ሌላ እስኪደርስለት ድረስ ባዶ ብርሌ ይዞ ይቀመጣል።

ለአንድ እጅ ማር ሦስት እጅ ውኃ ጠንካራ ጠጅ ያወጣል፤ አራት እጅ ሲሆን ቀለል ይላል። ከዚያ በላይ ካቀጠናችሁት ሰውነት ያጣል፣ ቶሎም ይኮመጥጣል። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትጋችሁ እጠቡት፣ አድርቁት፣ በወይራ እንጨት አጥኑት። ማሩን ከነሰፈፉ በጥብጣችሁ አፉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑና ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት፤ ሰፈፉ ሲንሳፈፍ ግፈፉት። ከዚያ ከብርዙ ጥቂት ቀንሳችሁ ጌሾውን ቀቅሉበትና ሲቀዘቅዝ ወደ ጋኑ መልሱት። ከነትኩሱ የመለሰ ሰው እርሾውን ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ «ጠጁ አልፈላ አለ» የሚባለው በዚህ ነው። በየቀኑ አማስሉት። ቆላ ላይ በሳምንት ገደማ ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል።

የጋኑን አፍ ግጥም አድርጋችሁ አትድፈኑ፤ ሲፈላ የሚወጣው አየር መውጫ ያጣል። ክፍት መተውም አይሆንም። ነፋስና ዝንብ ያገኘው ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። ለዚህም ነው ጋኑ ሲጋመስ የቀረውን ጠጅ ወደ አነስተኛ ዕቃ መገልበጥ የሚያስፈልገው።

ማር ሲወደድ ስኳር መጨመር ይቀላል። ይፈላል፣ ያሰክራልም፤ ግን የማሩ መዓዛ የለውም፣ ቀለሙም ስለሚነጣ ቢጫ ቀለም ፍለጋ ይኬዳል። እንለምናችኋለን፣ ይህን አታድርጉ። ዋጋውን ጨምሩና ምክንያቱን ለጠጪው ንገሩት።

ስለ ምግቡ ብዙ አንልም፤ ባለሙያዎቹ እናንተው ናችሁ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ያለ ዘይት በዝግታ ይቁላላ፣ በርበሬውም ውኃ እየተንጠባጠበበት ይብሰል። የቸኮለ በርበሬ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም። ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ምስር ወጥ አይጥፋ፤ የሚጾመው እንግዳ በባዶ ሆዱ ጠጅ እንዳይጠጣ።

አሁን ወደ ማሲንቆው። የማሲንቆ ክር አንድ ነው፣ የፈረስ ጭራ፤ ድምፁም ትንሽ ነው። ድምፅ ማጉያ የጫኑበት ቤት አዝማሪውን ያሰማል፣ እንግዳውን ግን ያፍናል። የአዝማሪ ቤት ደግሞ የሚሞቀው እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጥ፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ሲመልሰው ነው። ቃሉ በደንብ ካልተሰማ ሰሙ ያልፋል፣ ወርቁም አይገኝም። ስለዚህ መቀመጫውን በግድግዳው ዙሪያ አድርጉና መሐሉን ለአዝማሪው ልቀቁለት፤ በየመቀመጫው ፊት እየቆመ ይጫወት። ክረምት ላይ የማሲንቆው ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ይላላል፣ ድምፁም ይታፈናል። ከመጀመሩ በፊት ከእሳቱ ፈንጠር ብሎ የሚያሞቅበት ቦታ አዘጋጁለት።

ስለ ክፍያው ገና ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ከአዝማሪው ጋር ተነጋገሩ። እንግዳው ግንባሩ ላይ የሚለጥፍለት ሽልማት የራሱ የአዝማሪው ነው ብለን እናምናለን፤ የቤቱ ድርሻ ከጠጁና ከወጡ ይገኛል።

ስላዳመጣችሁን እናመሰግናለን።