የምርምር ጥያቄ ከመረጃው ውስጥ ነው የሚወጣው
በደብረ ብርሃን ለኮምፒውተር ሳይንስ መምህራንና ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ረዳት ምሩቅ፣ ሌክቸረር፣ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር። የማዕረጉን እርከን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላብራራውም። የዛሬው ጉዳዬ በየእርከኑ ይዛችሁት የምትወጡት ጥያቄ ነው። «የምርምር ፍላጎቴ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው» ብሎ መጻፍ ምንም ካለመጻፍ አይሻልም። «የአማርኛን ግስ ከቅጥያዎቹ መለየት» ከተባለ ግን መረጃውም መለኪያውም የት እንደሚገኝ ይታወቃል።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚወጣው አብዛኛው ተማሪ በሚሰለቸው ሥራ፣ ማለትም ጽሑፍ ሲጸዳ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ስሪት 3.0 ነው። ኮድ ተሰጠው እንጂ ሀ፣ ሐና ኀ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ማሽኑ አያውቅም። «ፀሐይ»ን ተመልከቱ፤ የመጀመሪያው ፊደል በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊጻፍ ይችላል። አንዱ ቃል 12 ሆኖ ይቆጠራል ማለት ነው። ለፍለጋና ለጽሑፍ ምደባ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት ተገቢ ነው። የመንዝንና የአንኮበርን የግዕዝ ብራናዎች የሚያነብ ሥርዓት ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ማዋሐዱን ተዉት፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባው የሚያደርገው ነው። በማንኛውም ሁኔታ ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ።

አራት ነጥብ ሌላው ወጥመድ ነው። ብዙ ሰው ።ን ትቶ ሁለት ጊዜ ፡ ይመታል፣ ወይም የላቲኑን ሁለት ነጥብ ይደግማል። ዓረፍተ ነገር ከፋዩ ፕሮግራም ።ን ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ሙሉ አንቀጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆንበታል። «በልቷል»ና «በልቱዋል»ም አንድ መደረግ አለባቸው።

ከዚያ ወደ ቃሉ ውስጥ እንገባለን። «ስላልመጡ» በባዶ ቦታ ስትቆርጡት አንድ ቃል ነው፤ ውስጡ ግን «ስለ»፣ አፍራሹ «አል» እና «መጡ» አሉ። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራም የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት ወደ ክፍሎቻቸው ይተነትናል፤ አዲስ ሞዴል ከመገንባታችሁ በፊት ውጤታችሁን ከእሱ ጋር አነጻጽሩ። የሚስተው የትኛውን እንደሆነ በእጅ ከለያችሁ፣ የመመረቂያ ጥያቄ እዚያው ተቀምጧል።

በእኔ እይታ ብዙ ጥናት የሚወድቀው በአልጎሪዝም ሳይሆን መረጃውን ለሞዴሉ ማሠልጠኛና መፈተኛ ብሎ በመክፈሉ ላይ ነው። አንድ ዜና በሦስት ገጾች ይለጠፋል፤ ተደጋጋሚውን ሳያስወግዱ ከከፈሉት ማሠልጠኛውና መፈተኛው ውስጥ ያው ጽሑፍ ይገኛል፣ ውጤቱም ያብጣል። ለንግግር ምርምርም የምንጃር፣ የመርሐ ቤቴና የመንዝ ተናጋሪዎችን ስትቀዱ ክፍፍሉ በሰው ይሁን፤ የአንድ ሰው ድምፅ በሁለቱም ወገን አይግባ። ቀረጻው በሰከንድ 16,000 ናሙና፣ በአንድ ቻናል፣ ሳይጨመቅ ይቀመጥ። በስልክ የድምፅ መልእክት የሚላክ ቅጂ ስለሚጨመቅ ለዚህ አይሆንም።

ጽሑፉን እያነበቡ በየክፍሉ የሚመድቡት ምልክት አድራጊዎች ሁለት ይሁኑ፤ ሳይመካከሩ ያንኑ 200 ዓረፍተ ነገር ይሥሩ። ስምምነታቸውን በኮኸን ካፓ፣ ማለትም በአጋጣሚ የሚመጣውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላው መለኪያ ለኩ። ከ0.6 በታች ከወረደ ሰዎቹን አትቀይሩ፤ መመሪያው ግልጽ አይደለምና እሱን እንደገና ጻፉ። የጥላቻ ንግግርን በሚለይ ጥናት ከ100 ጽሑፍ 90ው ጥላቻ የሌለበት ከሆነም ሁልጊዜ «የለም» የሚል ሞዴል 90 በመቶ ትክክል ይባላል። ስለዚህ የየክፍሉን ኤፍ-1 አሳዩ፤ ይህ ሞዴሉ ከለያቸው ምን ያህሉ ትክክል እንደሆኑና ሊለይ ከሚገባው ምን ያህሉን እንዳገኘ አጣምሮ የሚለካ ነው።

አርጎብኛ እዚሁ አጠገባችን የሚነገር፣ በጽሑፍ ግን እጅግ ጥቂት የተመዘገበ ቋንቋ ነው። እሱን የሚመርጥ ተማሪ ካለ በትልቅ ሞዴል አይጀምር። መጀመሪያ ከተናጋሪዎቹ ፈቃድ ያግኝ፤ ፈቃዱ መጻፍ ለማይችሉም ጮክ ተብሎ ይነበብ። ቀጥሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር በአጻጻፉ ይስማማ፣ ከዚያ ይቅዳ፣ በመጨረሻም ወደ ጽሑፍ ያዙር። የአጻጻፍ ስምምነቱን ለኋላ ያቆየ ሰው የገለበጠውን ሁሉ ደግሞ መገልበጡ አይቀርለትም።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።