አባ እንጦንስ በአየርላንድ ድንጋይ ላይ

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዳዊት፣ ከአየርላንድ ከተመለስክ ጀምሮ ወሬህ ሁሉ ኬልስ ነው፤ በል እንግዲህ።

ዳዊት፦ ሰው «የኬልስ መጽሐፍ» የሚባለውን ጥንታዊ የወንጌል ብራና ለማየት ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ይሰለፋል። ስሙን የሰጠችው ትንሽ ከተማ ግን ከዚያ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው።

ሄለን፦ እዚያው ነው የተጻፈው?

ዳዊት፦ ያከራክራል። በስኮትላንድ፣ አዮና በምትባል ደሴት ቅዱስ ኮሎምባ የመሠረተው ገዳም ነበር። በ806 እ.ኤ.አ. ቫይኪንጎች የሚባሉት የሰሜን አውሮፓ ባሕር ወራሪዎች 68 ሰው ገደሉበት። ከዚያ የመጡት መነኮሳት ኬልስ ላይ ቤተ ክርስቲያናቸውን በ814 ጨረሱ። ወንጌሉ አዮና ላይ ተጀምሮ ኬልስ ላይ አልቆ ይሆናል የሚሉ አሉ። 340 ቅጠል የጥጃ ብራና ነው።

ሄለን፦ ከዚያ ሁሉ መከራ መትረፉ!

ዳዊት፦ ኬልስ ከገባም በኋላ በ1007 ተሰርቆ ነበር እኮ። ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ የወርቅ ሽፋኑ ተገፍፎ፣ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ።

ሄለን፦ አሁን ከተማዋ ውስጥ ምን አለ?

ዳዊት፦ ቁመቱ 26 ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ግንብ አለ፤ ጣሪያው ሳይቀር በድንጋይ የተሠራ የጸሎት ቤትም አለ። እኔን ያስቆመኝ ግን ከግንቡ አጠገብ ያለው የድንጋይ መስቀል ነው። ዳንኤል ከአናብስቱ ጋር፣ ሠለስቱ ደቂቅ፣ የይስሐቅ መሥዋዕት፣ ሁሉም ተቀርጾበታል። ክንዱ ላይ ደግሞ ሁለት አባቶችና አንድ ቁራ...

ሄለን፦ ቆይ፣ ቁራ? አባ ጳውሊና አባ እንጦንስ?

ዳዊት፦ እነሱው ናቸው!

ሄለን፦ ለማያውቅ ልንገር፦ አባ ጳውሊ በግብፅ በረሃ ሳሉ ቁራ በየቀኑ ግማሽ ኅብስት ያመጣላቸው ነበር። አባ እንጦንስ ሊጠይቋቸው የሄዱ ቀን ግን ሙሉ አመጣ። ይህን አያቴ ነግራኛለች፤ አየርላንድ እንዴት ደረሰ?

ዳዊት፦ በመጽሐፍ ነው። የአባ እንጦንስን ገድል የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ጻፉት፣ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ የአባ ጳውሊን የምዕራቡ ሊቅ ጄሮም በላቲን ጻፉት። ምዕራቡ የምንኩስናን ሥርዓት ከእነዚህ ተማረ። አባ ሰላማን ጵጵስና ሾመው ወደ አክሱም የላኩትም እኚሁ አትናቴዎስ ናቸው።

ሄለን፦ እኔ ይህን አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

ዳዊት፦ እኔም እዚያ ቆሜ ነው የታየኝ። እዚያው ግቢ ሳያልቅ የቀረ መስቀልም አለ። ስቅለቱ ተጀምሯል፤ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ግን ባዶአቸውን ናቸው። የጠራቢው መሮ የት ላይ እንደቆመ በእጅህ ትዳስሰዋለህ።