«ማንን ይስማ?»፦ የቤት ሲኤንሲ፣ የደረቀ ስክሪንና የእማዬ ረከቦት

ሜሮን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ባለፈው ቃል በገባነው መሠረት የዛሬው ርዕሳችን የቤት ሲኤንሲ ነው፤ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጸው ማሽን። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ስታክ ሲያደርግ፣ በተኑን ብትጫኑት ብትጫኑት ማሽኑ ንቅንቅ አልል ሲል ከየት ይጀመራል? ቢኒ፣ አንተ...

ቢኒያም፦ ሜሪ፣ ከዚያ በፊት። ለእማዬ በማሽኑ የምቀርጸው ረከቦት አለቀ።

ሜሮን፦ አትለኝም!

ቢኒያም፦ እውነቴን ነው። ማለት... አንድ ጥግ ይቀረዋል። ግን እሁድ ቡና ተፈልቶበታል።

ሜሮን፦ ጥግ የሚቀረው ረከቦት አለቀ ይባላል እንዴ?

ቢኒያም፦ ሲኒ ከተደረደረበት አልቋል። ስሚኝ፣ ታሪኩ ከርዕሳችን አይወጣም። ማሽኔን ታውቂያታለሽ፣ 3018 ናት። የምትቀርጸው ስፋት 300 በ180 ሚሊሜትር ነው፣ ስሟም ከዚያው የመጣ። ረከቦቱ ከዚያ ስለሚሰፋ ፊቱን በአራት ቁራጭ ከፋፈልኩት። ዋንዛ ነው፣ አባቴ ካስቀመጠው ጣውላ። ሁለቱ ቁራጭ በሰላም ወጡ። ሦስተኛውን ልጀምር ላፕቶፑን ሰካሁ፣ ፕሮግራሙን ከፈትኩ፣ ኮኔክት አልኩ። ፖርቱ ተከፍቷል ይላል። ከዚያ ዝም።

ሜሮን፦ ሰላምታውስ?

ቢኒያም፦ እሱን ነው የምልሽ! የማሽኑ ቦርድ ላይ ያለው ግርብል፣ ትእዛዙን ተቀብሎ ሞተሮቹን የሚነዳው ፕሮግራም፣ በደህና ከተነሣ መጀመሪያ ስሙንና ቁጥሩን ይናገራል፤ «ግርብል 1.1» ምናምን ብሎ። ያቺ መስመር ከመጣች ተገናኝታችኋል። እኔ ጋ ግን ባዶ። የቀስት በተኖቹ ሁሉ ፈዝዘዋል።

ሜሮን፦ የግንኙነት ፍጥነቱስ፣ 115200 ላይ ነበር?

ቢኒያም፦ ነበር። ፍጥነቱ ቢሳሳትማ ብዙ ጊዜ ዝም አይልም፣ የተዘበራረቀ ምልክት ነው የሚተፋው። ኬብል ቀየርኩ። የሲኤች 340ን፣ ቦርዱን ከዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘውን ቺፕ፣ ድራይቨር አጥፍቼ መልሼ ጫንኩ። የላፕቶፑን ቀዳዳ ቀያየርኩ። ሪስታርት አደረግኩ። እንደገና ኬብል ቀየርኩ...

ሜሮን፦ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል እንዳይሆን። እኔን አንድ ሳምንት ያንገላታኝ እሱ ነው። ቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ዳታ የሚያስተላልፉት ሁለቱ ሽቦዎች ግን ውስጡ የሉም።

ቢኒያም፦ አይደለም፣ በዚያው ኬብል ፕሪንተር አሠርቼበታለሁ። ሌሊቱ አሥር ሰዓት ሆነ። እማዬ ኪዳን ልትሄድ ነጠላዋን ለብሳ ስታልፍ መብራት አየችና ገባች። ጠረጴዛው ላይ የእጅ መቆጣጠሪያዋ አለች፣ ያቺ ከማሽኑ ጋር የምትመጣው፣ ሚሞሪ ካርድ የሚገባባት። ስክሪኗ በርቷል። «ይቺስ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። «እሷም ማሽኑን ታዛለች» አልኳት። «ታዲያ ሁለታችሁ አንድ ላይ ስታዙት ማንን ይስማ?» ብላኝ ወጣች።

ሜሮን፦ ወይ ማዘር!

ቢኒያም፦ ነቀልኳት። ኮኔክት። ሰላምታው ዱብ አለ። ሜሪ፣ አልዋሽሽም፣ እንባዬ መጣ።

ሜሮን፦ ግን እኮ ልክ ናቸው! ዘይቤ አይደለም፣ ቃል በቃል እንደዚያ ነው።

ቢኒያም፦ ቃል በቃል! ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒ፣ ያለው የሲሪያል መስመር፣ ማለት ትእዛዝ የሚቀበልበት፣ አንድ ብቻ ነው። በብዙዎቹ የ3018 ቦርዶች ላይ ከኮምፒውተሩ የሚመጣውም፣ ከእጅ መቆጣጠሪያዋ የሚመጣውም እዚያችው መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። እሷ መስመሩን ከያዘች የላፕቶፑ ቃል አይደርስም። እኔ ደግሞ ከቀን በፊት በሷ ሞክሬ ሳልነቅላት ትቻት ነበር።

ሜሮን፦ እኔም ላይ በሌላ መንገድ የደረሰው ይኸው ነው። ኡቡንቱ 22.04 የሚባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላፕቶፔ ላይ ስጭን ማሽኑ ሲሰካ ፖርቱ ብቅ ይልና ወዲያው ይጠፋል። ለካ ቢአርኤልቲቲዋይ የሚባለው አገልግሎት፣ ብሬል ለሚያነቡ ሰዎች ስክሪኑን ወደ ብሬል ማሳያ የሚያስተላልፈው፣ ሲኤች 340ን የብሬል ማሳያ መስሎት ይይዘዋል። ለሚያስፈልጋቸው ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ የብሬል ማሳያ ስለሌለኝ ከላፕቶፑ አስወገድኩትና ተስተካከለ።

ቢኒያም፦ አየሽ፣ እዚያም ማንን ይስማ ነው።

ሜሮን፦ እሺ ወደ ርዕሳችን። አድማጫችን አሁን ማሽኑ ፊት ቆሟል፣ ስክሪኑ ደርቋል። ከየት ይጀምር?

ቢኒያም፦ ከጥያቄ ምልክት። ትእዛዝ መጻፊያው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ጽፎ ይላክ። ግርብል ያለበትን ሁኔታ በአንድ መስመር ይመልሳል። ከመለሰ ማሽኑ ይሰማል፤ ችግሩ የመስመር አይደለም። «አላርም» ካለ ቆልፏል ማለት ነው፣ በተኖቹም እምቢ የሚሉት ለዚያ ነው። የዶላር ምልክትና ኤክስ መክፈቻው ነው።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። ሁሉም ሰው ዶላር ኤክስ፣ ዶላር ኤክስ ይላል። አላርሙ እኮ በምክንያት ነው የመጣው። የጫፍ ማብሪያውን፣ ዳር መድረሱን የሚነግረውን፣ ነክቶ ከሆነ የት እንዳለ ማሽኑ ራሱ እርግጠኛ አይደለም። ዝም ብለህ ከፍተህ ብትቀጥል እንጨቱን ትበሳዋለህ። ማብሪያ ያለው ማሽን ከሆነ በዶላር ኤች መነሻውን ይፈልግ።

ቢኒያም፦ የኔዋ ማብሪያ የላትም እኮ።

ሜሮን፦ እንግዲያው ዜሮውን፣ ማለት የሥራውን መነሻ ነጥብ፣ እንደገና በእጅ መለካት ነው።

ቢኒያም፦ እሱስ እሺ። ያ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን አስታወሰኝ። ይሄ የኛ አገር ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ሁለተኛውን ቁራጭ ስሠራ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው። ቦርዱ በዩኤስቢው 5 ቮልት ያገኛል። ሞተሮቹ ግን 24 ቮልቱን ነው የሚፈልጉት። ምን ሆነ? ስክሪኑ ላይ ሥራው ይቀጥላል! ቁጥሩ ይሮጣል፣ መስመሩ ይሣላል፣ ማሽኑ ግን ድርቅ ብሏል። የሄደ ይመስለዋል።

ሜሮን፦ መብራቱ ሲመለስስ?

ቢኒያም፦ ካለበት ይነሣና ከተሳሳተ ቦታ መቅረጽ ይጀምራል። እኔ ደግነቱ አጠገቡ ነበርኩ፣ ቶሎ አቆምኩት። መብራት በጠፋበት ቅጽበት አቁሙት፣ በኋላ ዜሮውን መልሳችሁ ለኩ። ስክሪኑን አትመኑ፣ የማሽኑን ድምፅ ስሙ።

ሜሮን፦ ለዚህ ነው እኔ ለረጅም ሥራ ላፕቶፑን ተዉት የምለው። ፋይሉን ካርድ ላይ ጫኑ፣ በእጅ መቆጣጠሪያዋ ይሥራ።

ቢኒያም፦ አይ ሜሪ! ያን ሌሊት ካሳለፍኩ በኋላ እሷን?

ሜሮን፦ እሷ ምን አጠፋች? ላፕቶፑ እኮ እንቅልፍ ይተኛል። የሦስተኛው ቁራጭ ላይ ያለው ጥቁር ነጥብ ከየት መጣ? ንገራቸው።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ያ የላፕቶፑ ነው። ሰላምታው ከመጣ በኋላ ሥራውን አስጀምሬ ጋደም አልኩ፤ ላፕቶፑም ተኛ። ቦርዱ የሚቀበልባት ቦታ 128 ባይት ናት፤ የያዘውን ትእዛዝ ጨርሶ ሌላ ይጠብቃል። አይመጣም። ቢላዋው ግን እዚያው ቦታ ላይ ይሽከረከራል። ዋንዛው ተቃጠለ። አሁን ላፕቶፑም ዩኤስቢውም እንዳይተኙ ሴቲንጉ ላይ ዘግቻለሁ።

ሜሮን፦ ስለዚህ ተስማማን?

ቢኒያም፦ ለረጅም ሥራ... ምናልባት። ግን እሷ ስትቆም ለምን እንደቆመች በቅጡ አትነግርሽም። ላፕቶፑ ላይ የመጨረሻውን መስመር አያለሁ፣ የስህተቱን ቁጥር አያለሁ።

ሜሮን፦ ነጥቡንም ታያለህ።

ቢኒያም፦ ነጥቡ ላይ እማዬ አንድ ሲኒ ታስቀምጥበታለች፣ አይታይም።

ሜሮን፦ ስፒንድሉ፣ ቢላዋውን የሚያሽከረክረው ሞተር፣ ሲነሣ ብቻ ግንኙነቱ ለሚቋረጥባቸው ሰዎች አንድ ነገር እንበልና እንውጣ።

ቢኒያም፦ እሱ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። መለያ ቀላል ነው፦ ስፒንድሉን አጥፍታችሁ ቢላዋውን ከእንጨቱ በላይ አንሥታችሁ ያንኑ ፋይል በአየር ላይ አስኪዱት። ካልተቋረጠ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ዩኤስቢ ኬብሉን አጭርና መከላከያ ያለው አድርጉ፣ ጫፉ ላይ ያቺ ጥቁር ድብልብል ፌራይት ብትኖረው ጥሩ ነው፤ ከስፒንድሉ ሽቦ ጋር አብራችሁ አትሰሩት።

ሜሮን፦ አራተኛው ጥግ መቼ ነው?

ቢኒያም፦ ዛሬ ማታ።

ሜሮን፦ በላፕቶፕ ወይስ በእጅ መቆጣጠሪያዋ?

ቢኒያም፦ በላፕቶፕ። እሷን ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ አስገብቻታለሁ።

ሜሮን፦ መብራት ቢጠፋስ?

ቢኒያም፦ አቁሜ ዜሮዬን እለካለሁ።

ሜሮን፦ በል እንግዲህ፣ እሁድ ለቡናው እመጣለሁ። ለማዘር ሰላም በልልኝ።