ቻይንኛ ለምን በቃላት መሃል ክፍተት የለውም? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እንግዳችን ለዓመታት ቻይንኛ ያስተማሩና ያስተረጎሙ መምህር ናቸው። በስልክ ከገቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቻይናዎች በቃላት መሃል ለምን ክፍተት አይተዉም? እንደኛ ቢለያዩት ምን አለበት? (ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ፣ በመጀመሪያው ሳምንት እሰማታለሁ። ልጄ፣ የኛ ክፍተትም እኮ የቅርብ ጊዜ ነው። የብራና መጽሐፍ ግለጥና እይ፤ ቃል ከቃል የሚለየው በሁለት ነጥብ ነው። የጥንት የቻይና መጻሕፍት ግን በአብዛኛው ነጥብም አልነበራቸውም። ሐሳቡ የት እንደሚያልቅ አንባቢው ራሱ ይለይ ነበር። የዛሬው ሥርዓተ ነጥብ በይፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ያኔ ነጠላ ሰረዙንም፣ የጥያቄ ምልክቱንም ተቀበሉ። ክፍተቱን ግን ተዉት። እያንዳንዱ የቻይንኛ የጽሕፈት ምልክት እኩል አራት ማዕዘን ውስጥ ይቀመጣል፤ ዓይናቸውም በዚያ ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የዓይን እንቅስቃሴ ጥናት ቻይናውያን አንባቢዎችን ፈትኖ ነበር። በቃላት መሃል ክፍተት ሲገባላቸው አልፈጠኑም፣ አልዘገዩምም። ክፍተቱ ያለቦታው ሲገባ ነው የዘገዩት።

አንድ ነገር ግን ያዝልኝ፦ አንድ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ቃል አይደለም። የዛሬ ቻይንኛ ቃል ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። በቃላቱ መሃል በእርሳስ እያሰመርኩ ነው የማነበው። ልቀጥል?

መልስ፦ ቀጥዪ። በእርሳስ ይሁን ብቻ፣ በኋላ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጃፓንና ኮሪያስ?

መልስ፦ ኮሪያ ክፍተት ይጠቀማል። ጃፓን አይጠቀምም፣ ከሕፃናት መጻሕፍት በቀር።

ጥያቄ፦ ከጓንግዡ ዕቃ አስመጣለሁ። ውሉን በስልክ አነሳና በአፕ አስተረጉመዋለሁ። እስካሁን ችግር አልገጠመኝም። ልክ ነኝ? (ከመርካቶ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን የምታስፈራኝ «እስካሁን» ያልካት ናት።

ስማኝ። ክፍተት ስለሌለ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስልኩ ይገምታል። አብዛኛውን ጊዜ ይመታል። ሲስት ግን «ሳትኩ» አይልህም፤ ያማረ ዓረፍተ ነገር ይሰጥሃል። ቻይናዎች ራሳቸው የሚቀልዱባት ሰባት ምልክት አለች። ናንጂንግ ከተማ፣ ያንግትዜ ወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተከፈተ ትልቅ ድልድይ አለ። ስሙን «ናንጂንግ ሺ፣ ቻንግጂያንግ ዳ ቺያኦ» ብለህ ብትቆርጠው «የናንጂንግ ከተማ የያንግትዜ ትልቅ ድልድይ» ነው። «ቻንግ» የምትባለዋን ምልክት ወደ ግራ አስጠጋት፤ እዚያ «ጃንግ» ተብላ ትነበባለች። «ሺ» የነበረው «ሺጃንግ» ይሆናል፣ ከንቲባ ማለት ነው። የተረፉት ሦስቱ የሰው ስም ይመስላሉ። ድልድዩ ቀርቶ «የናንጂንግ ከንቲባ ጂያንግ ዳቺያኦ» የሚባል ሰው ተፈጠረ! አንድ ምልክት አልተጨመረ፣ አልተቀነሰ።

ድልድዩስ ቀልድ ነው። ያንተ ግን ገንዘብ ነው። «ዲንግጂን» የሚል ቃል ውልህ ላይ ሳይኖር አይቀርም። በሁለት ዓይነት ይጻፋል፤ ድምፁ አንድ ነው፣ የመጀመሪያዋ ምልክት ብቻ ትለያለች። አንደኛው በቻይና ሕግ ውል ማሰሪያ ነው፦ አንተ ካፈረስክ ገንዘቡ ቀረ፣ ሻጩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ሌላኛው ተራ ቅድሚያ ክፍያ ነው። አፑ ሁለቱንም «ቀብድ» ሊልህ ይችላል። እና አንተ የቱን ነው የፈረምከው? አየህ፣ ዝም አልክ።

ለሰላምታ፣ ለዋጋ ድርድር፣ ሆቴል ለመፈለግ አፑን ተጠቀም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ለውል ግን አይሆንም። ለመድኃኒት መመሪያም አይሆንም። ገንዘብ ከመላክህ በፊት ቻይንኛ የሚያነብ ሰውና ጠበቃ አብረው ይዩልህ። ያውም አስተርጓሚው የሻጩ ሰው አይሁን።

ጥያቄ፦ በላቲን ፊደል ሲጽፉትስ ክፍተት የለም እንዴ? ታዲያ ወደ ምልክቱ ለምን አይወስዱትም?

መልስ፦ አለ። ፒንዪን የሚባለው የላቲን አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1958 ጸደቀ። ክፍተቱ የት እንደሚገባ የሚደነግግ ብሔራዊ ደንብ አለው። ደንብ ያስፈለገውም ስለማይግባቡ ነው። «ሹዪጂያኦ» መተኛት ነው፣ አንድ ቃል በለው። «አንድ እንቅልፍ ተኛ» ለማለት ግን መሃሉን ከፍተው «ሹዪ ለ ዪ ጂያኦ» ይላሉ። አሁንስ አንድ ቃል ነው ሁለት? አምስት ቻይናዎች ብትጠይቅ አይስማሙም። በልጆችና በውጭ አገር ተማሪዎች መጽሐፍ ክፍተት ቢገባ ደስ ይለኛል። በጋዜጣ ላይ ግን አያስፈልጋቸውም። የኛን ሕመም ለምን እነሱ ይታከሙት?

ጥያቄ፦ የስም ዝርዝር ላይ ባለ ሁለት ምልክት ስም መሃሉ ተከፍቶ አየሁ። የኅትመት ስህተት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከታች ካለው ባለ ሦስት ምልክት ስም ጋር ጠርዙ እንዲገጥም ነው። ድሮ ደግሞ ከንጉሥ ስም በፊት ባዶ ቦታ ይተዉ ነበር፣ ለክብር። ክፍተት አያውቁም የሚል ሰው ይህን ይስማ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ ቻይንኛ ስታነብ ምልክቶቹ ይደባለቁባታል። አማርኛውም እንደዚያው ነው። ክፍተት ስለሌለው ይሆን?

መልስ፦ አማርኛውም ላይ ካለ ቻይንኛን አይክሰሱት፣ እህቴ። እኔ የቋንቋ ሰው ነኝ፣ ይህን አልመረምርም። መጀመሪያ ዓይን ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ዓይኗ ደህና ከሆነ የልጆች የንባብ ችግር የሚያይ ባለሙያ ያሳዩዋት። አፕ አይጠይቁ።