ሥራ የመውደድ ጥፋት

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ሴቶች ሥራ ላይፕዚግ ላይ ተሰብስበን ካወራን ከዚሁ ከከተማዋ እንጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። በ1884 እዚህ የተቋቋመ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ነበር፣ በአንድ ወቅት ከአህጉሩ ትልቁ። ሠራተኞቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። አሁን ብትሄዱ የምታዩት የሥዕል ጋለሪ ነው። ቡናም ይጠጣበታል።

በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ፣ ላይፕዚግን ጨምሮ በሶሻሊስቷ ምሥራቅ ጀርመን ለሥራ ከደረሱ ሴቶች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ወይ ይሠራሉ ወይ ይማራሉ። መንግሥት ደግ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፣ ሕዝቡ ወደ ምዕራብ እየሸሸ የሰው እጅ አጥሮት ስለነበርም ነው። ከ3 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 80 በመቶ ያህሉ ማቆያ ይውሉ ነበር። በወር አንድ ቀን ደግሞ ከነደሞዙ የቤት ሥራ ፈቃድ አለ። ለሴቷ ነው እንግዲህ፣ ባልየውማ ማን ልብስ እጠብ ብሎት! በደርግ ጊዜ እዚህ የተማራችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ሐምሌ 1990፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ሲሉ፣ የምዕራቡ ገንዘብ ማርክ ወደ ምሥራቅ ገባ። ደሞዝ አንድ ለአንድ ተመነዘረ፣ ፋብሪካው በጠንካራ ገንዘብ መክፈል ጀመረ፣ የድሮ ደንበኞቹ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ግን በዚያ ገንዘብ መግዛት አልቻሉም። ትሮይሃንት የሚባለው፣ የመንግሥት ንብረት ወደ ግል የሚያዛውረው መሥሪያ ቤት 8,500 ገደማ የምሥራቅ ድርጅቶችን ከ4 ሚሊዮን ሠራተኛ ጋር ተረክቦ ይሸጥ ይዘጋ ጀመር። ጨርቃ ጨርቁ ክፉኛ ተመታ። ወንዶቹም ተባረዋል፣ አልክድም። ግን ከሥራ አጡ ወደ ሁለት ሦስተኛው ሴት ሆነ፣ ድሮ የሴት ሥራ ይባል የነበረው ባንክ ቤት እንኳ ደሞዙ ሲጥም ወንዶች መግባት ጀመሩ። ፋብሪካ ሲዘጋ ደግሞ ስንቱ ቦታ ማቆያውም፣ ክሊኒኩም፣ ምሳ ቤቱም አብሮ ተዘጋ።

ከዚያ ምን ቢባል ጥሩ ነው? የምሥራቅ ሴቶች ሥራ መፈለግ አበዙ ተባለ! ሥራ አጥነቱ የበዛው ቤታቸው አርፈው አልቀመጥ ስላሉ ነው፣ እንደ ምዕራቧ ሴት ቢሆኑ ቁጥሩ ይቀንስ ነበር፣ የሚል ክርክር ነው።

እነሱ ግን ሥራ መፈለጉን አልተዉም። የተዉት መውለዱን ነው። በ1994 በአንዲት ሴት የሚወለደው ልጅ ብዛት በአማካይ 0.77 ደረሰ። ብዙ ወጣት ሴቶችም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ምዕራብ ሄዱ።

በ2023 በወንድና በሴት ደሞዝ መካከል ያለው ልዩነት በምዕራብ 19 በመቶ፣ በምሥራቅ 7 በመቶ ነበር። ቶሎ እንዳታጨበጭቡ። አንዱ ምክንያት የምሥራቅ ወንዶች ደሞዝም ትንሽ መሆኑ ነው።